ሁለቴ የተቆጠረው ግጭት

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። እኔ ግን የማስበው በዚሁ ቁልቁለት የወረድኩበትን ሌላ ክረምት ነበር።

አገሩ ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል። እኔ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኝ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እናቴ ቤት ነበርኩ። የማጠናው ነገር ለሰው ለማስረዳት ይቸግራል። ቁስ እጅግ ሲግልና ሲታመቅ የአቶም እምብርት ይፈርስና ኳርክ የሚባሉት ቅንጣቶች ተለቀው እንደ ፈሳሽ ይሆናሉ። ማር ሲፈስ ይጎተታል፣ ውሃ ይፈጥናል፤ የእኔ ሥራ ይህ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚጎተት ማስላት ነበር። ቅንጣቶቹ አብዝተው በተጋጩ ቁጥር መጎተቱ ይቀንሳል። የእኛ ውጤት ታዲያ ሊቃውንቱ ከዚህ በታች አይወርድም ከሚሉት ወለል በታች ወረደ። አማካሪዬ ትልቅ ግኝት ነው ብለው፣ ከደሴ ወዲያ በሰሜን ለሚደረግ ጉባኤ ሊያቀርቡት ተነሱ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስሌቱን እንደገና ብሠራው፣ ተመሳሳይ ቅንጣቶች ሲጋጩ አንዱን ግጭት ሁለቴ ቆጥረነዋል። ቁጥሩን ከወለሉ በታች ያወረደው ይኸው ነው። ቀመሩ የእሳቸው ነው። ከእኔ በፊት የተከራከራቸው ተማሪ አማካሪ አጥቶ ዓመት እንደተቃጠለበት አውቃለሁ። እናቴ ነገሩ ባይገባትም ፍርሃቴ ገባት። «ሰው ፊት ከሚያፍሩ ካንቺ ይስሙት» አለችኝ።

አማካሪዬ ወደ ጉባኤው በመኪና ሲያልፉ ለምሳ የሚያርፉት ኮምቦልቻ ስለነበር ወርጄ ጠበቅኳቸው። ከደሴ ብርድ በኋላ ሙቀቱ ያፍናል። ለእሳቸው ጥብስ፣ ለእኔ የፓፓያ ጭማቂ መጣ። ስማችን በጽሑፉ ላይ አብሮ እንደሚወጣ እያጫወቱኝ ሳሉ ስሌቴን የጻፍኩበትን ወረቀት ዘረጋሁላቸው።

እስክሪብቶ አውጥተው ራሳቸው ሠሩት። ጥብሱ ቀዘቀዘ። ሾፌራቸው በበሩ ብቅ ብሎ እንዳይመሽባቸው አስታወሰ፤ ቀና አላሉም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ወላሂ ዶክተር፣ ስህተቱ የእኔ በሆነ ብዬ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሳይሰናበቱኝም ወጡ። መኪናዋ ወደ ደሴ ሽቅብ ትሄዳለች ስል ዞራ ወደመጣችበት ወደ ደቡብ ተመለሰች። ጉባኤውን ትተውታል ማለት ነው። እኔንስ? ትምህርት እስኪከፈት ድረስ ይህንኑ ሳሰላስል ከረምኩ።

ሲከፈት የመመረቂያ ጽሑፌን ፈረሙልኝ። የተስተካከለው ቁጥር ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሌሎች ካገኙት ጋር ተቀራርቦ ተቀመጠ። ፈታኞቹ ፊት ቆመውም «ቀመሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘችው እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ግን እንደ ቀድሞው ወንበር ስበው ሊያጫውቱኝ ተቀምጠው አያውቁም።

ዛሬ እኔም ተማሪ አማክራለሁ። ለብዙ ዓመት ያን ቀን የድፍረቴ ቀን አድርጌ ሳወራው ኖሬያለሁ። እኔ ግን የተናገርኩት የሌላ ሰው ስህተት ነው። የራስን ስህተት ሰው ፊት ቆሞ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ እሳቸው በነበሩበት የአማካሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ እኔው ስሳሳት ነው።