ደረሰኙ ላይ ያለችው ወለተ ሥላሴ

የዛሬው ምሬቴ ስለ አግዳሚ ወንበር ነው። ትናንት ጠዋት እንጅባራ፣ የጤና መድን ቢሮ ደጃፍ የተቀመጥኩባት አግዳሚ አንድ እግሯ አጥሮ፣ ከጎኔ ያሉት ሴትዮ በተነፈሱ ቁጥር እኔ ከፍ ዝቅ እላለሁ። ዕድሜ ልኬን በጋሪ ስንገጫገጭ የኖርኩ ሰው... በወንበር ራሴ ይዙርብኝ?

ኧረ ወንበሩስ ይሁን። እኔን ያላስቀመጠኝ ሌላ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ባለቤቴ የሺ ዳንግላ ገበያ መሀል ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። ጋሪ ላይ ጫንናትና ቅርብ ያገኘነው የግል ክሊኒክ አስገባናት። ክሊኒኩ ከጤና መድን ጋር ውል የለውም። ድንገተኛ ሕመም ስለሆነ ግን «ደረሰኝ አምጡና ተመላሽ ጠይቁ» ተባልን። ያለንን እዚያው ጨርሰናል፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ የሰኞ ቀጠሮዋ ቀረ ማለት ነው።

ወረፋዬ ደረሰ። የቢሮዋ ልጅ ደረሰኙን ከመድን ደብተራችን ጋር አስተያየችው።

«ጋሼ፣ ወለተ ሥላሴ ማን ናቸው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ደብተሩ ላይ ያሉት ባለቤትዎ እኮ የሺ ናቸው።»

«እሷም እሷው ናት።»

«ሁለት ሚስት አለዎት እንዴ?»

«አንዷንም በስንት ልመና አገኘኋት!»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ «የታማሚዋ ስም?» ሲሉኝ የሺ ራሷን ልትስት ምንም አልቀራት። እኔ የማውቀው፣ ሰው በጠና ሲታመም ስም የሚጠይቅ ቄስ ነው... ለጸሎት። ለጸሎት የሚሰጠው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። ሰጠኋቸዋ! እነሱም ጽፈው ማኅተም መቱበት።

«ወይ ክሊኒኩ ያስተካክል፣ ወይ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ ይመስክር» አለች ልጅቷ። «እስከ ነገ ካልሆነ ፋይሉ ይዘጋል።»

ክሊኒኩ ብደውል «ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ አይነካም» አለኝ። የክርስትና ስሟን የሚያውቁት የነፍስ አባታችን ደግሞ አዘና ከተማ ለተዝካር ሄደዋል፤ ስልካቸው ዝግ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ። እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ደረሰኙን አወጣለሁ፣ አጥፌ ኪሴ እከታለሁ። የሺ ጓዳ ተኝታ፣

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትንቆራጠጥ?» ትለኛለች።

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

አልነገርኳትም። ቀጠሮሽ ሊቀር ነው ብዬ ለታመመ ሰው በምን አፌ...

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት... ያቺው የቢሮዋ ልጅ! ፋይሉን ደረቷ ላይ አቅፋለች። በቃ፣ አጭበርባሪ ብላ ከነፖሊሱ መጣችብኝ ብዬ ከኋላዋ ብመለከት ማንም የለም።

አፌን ሳልከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝና ድምጿን እንደ ቄስ አጎርንና ወደ ጓዳ ተጣራች።

«ወለተ ሥላሴ!»

«አቤት አባ!» አለች የሺ፣ ከተኛችበት።

ልጅቷ እየሳቀች፣ እዚያው ደጃፍ ላይ እንደቆመች፣ ፋይሉን ከፍታ እስክሪብቶዋን አወጣች።

እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል... ሠላሳ ዓመት «የሺ» ብዬ ስጠራት አንድ ቀን እንዲህ ፈጥና አቤት ብላኝ አታውቅም።