ዴሊያ ከባንኮኒው የወጣች ዕለት

የኮሌጃችን የቀድሞ ተማሪዎች መጽሔት በየዓመቱ ስለ ዴሊያ መጠጥ ቤት አንድ ነገር ሳያትም አይቀርም። ጸሐፊው ዳኛ ወይም የባንክ ሰው ይሆናል። የምድጃውን ሙቀት፣ መስኮቱን የሚደበድበውን ዝናብ፣ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚረጋውን ጥቁር ቢራ ይተርክና መጨረሻ ላይ «ዴሊያ የሁላችንም እናት ነበረች» ብሎ ይዘጋዋል። እናታችሁ ከነበረች፣ ቤቷ በላይዋ ላይ ሊሸጥ ሲል የት ነበራችሁ? ይህን የሚጽፍ ሰው ስላጣሁ እኔው እጽፈዋለሁ። በኮሌጁ ወጥ ቤት ዕድሜዬን ድንች ስልጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ተማሪዎቹ ዴሊያ ቤት አግዳሚ ላይ እየረሷቸው ከሄዱት መጻሕፍት ነው። ደግነቱ ብዙ ይረሱ ነበር።

ከበሩ በላይ ያለው ጽሑፍ «ኤም. ሄሽን» ይላል። የአባቷ ስም ነው፣ ማርቲን ሄሽን። ግን እዚህ አየርላንድ፣ በጎልዌይ ከተማ፣ ያንን ቤት በዚያ ስም የሚጠራው ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ዴሊያ ቤት ነው። እሷም እዚያው ፎቁ ላይ ተወለደች። እናቷ ስትሞት ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ባንኮኒ ጀርባ አቆማት። ታናሽ ወንድሟ ማላኪ ግን ተማረ። የተማረበት ኮሌጅ ከቤታቸው ድልድዩን ተሻግሮ ነው። ሸሚዙን የምታጥብለት፣ ምሳውን የምትቋጥርለት እሷ ነበረች። ተመርቆ ደብሊን ገባ፣ መሐንዲስ ሆነ፣ አገባ። ማንም ይህን እንደ በደል አልቆጠረውም። እኔ ግን እቆጥረዋለሁ።

ያን ጊዜ በከተማችን በብዙ መጠጥ ቤት ለሴት ሙሉ ብርጭቆ ቢራ አይቀዳም ነበር። ግማሽ ነው የሚሰጧት፤ ሙሉ ከጠየቀች ባለቤቱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መጀመሪያ ወደ ዴሊያ ቤት የገባሁ ቀን ድንች የላጠ እጄን ኪሴ ውስጥ ደብቄ፣ «ግማሽ ስጪኝ» አልኳት።

«ግማሹን ሥራ ነው እንዴ የሠራሽው?» አለችኝ። ሙሉውን ቀዳችው። በዚያ ቀን የጀመረው ወዳጅነታችን እስክትሞት ድረስ ዘለቀ።

መስከረም ሲመጣ አዲሶቹ ተማሪዎች ከኮነማራ ገጠርና ከባሕሩ ደሴቶች ይመጣሉ፤ እናቶቻቸው የሠሩላቸውን ወፍራም ሹራብ ለብሰው፣ በዝናብ ርሰው፣ ከተማ ፈርተው። ሹራባቸውን ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ይሰቅላሉ፤ ቤቱ በሙሉ እርጥብ በግ በግ ይሸታል። ዛሬም የረጠበ ሱፍ ሲሸተኝ ልቤ ስንጥቅ ይላል። በአይሪሽ ቋንቋ ብቻ ለሚያወሩት በአይሪሽ ትመልስላቸዋለች፤ እንግሊዝኛቸው እስኪፈታ ድረስ የማንም መሳቂያ አይሆኑም። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። አንድ የሕክምና ተማሪ ሦስተኛ ብርጭቆ ሲጠይቅ አስታውሳለሁ።

«ዴሊያ፣ እባክዎ፣ ገና መጀመሬ እኮ ነው።»

«ነገ ምንድን ነው የምትፈተነው?»

«የሰውነት ክፍሎች።»

«ጉበት የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው አሳርፈው» ብላ ሻይ ቀዳችለት።

የቤቱ ነፍስ ግን ጥሪው ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሰዓት በኋላ ሰው ምድጃውን ከብቦ ይዘፍናል። የዘፈነ ሰው ቀጣዩን የመጥራት መብት አለው። የተጠራ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ ዘፈን ካልቻለ ግጥም፣ ግጥም ካልቻለ ታሪክ ይናገራል። ጠሪው «ያችን ዘፈን ዝፈንልን» ወይም «የዚያን ቀኑን ንገረን» ብሎ መምረጥም ይችላል። አንዱ ዓይናፋር የምህንድስና ተማሪ ምንም ሲያጣ ከጎልዌይ እስከ ክሊፍደን አውቶቡስ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ጠርቶ ቤቱን በጭብጨባ አናግቶታል። አንድ ደንብ ብቻ ነበር የማይጣስ፦ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው አይጠራም። እጁ ሥራ ላይ ነዋ። ስለዚህ ዴሊያን ስትዘፍን የሰማ አልነበረም።

እንግዲህ አባትየው ሲሞት ቤቱ ለማላኪ ሆነ። ቤት ለወንድ ልጅ ነው፤ ወጉ እንዲህ ነበር፣ ወግ ስለሆነ ደግሞ ማንም አልጠየቀም። ማላኪ ደብሊን ነው፣ ዴሊያ እዚህ ትሠራለች፣ ዓመቱ ያልፋል። ከዚያ አጠገቡ ያለው ሆቴል መስፋፋት ፈለገና ለማላኪ መልእክት ላከ። በየካቲት አንድ ጠዋት መሰላል ተደገፈ፤ ከአባቷ ስም በታች «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ተመታ። ዴሊያ ያወቀችው የመዶሻውን ድምፅ ስትሰማ ነው።

ማላኪ በሳምንቱ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን እንድል ፍትሕ ያስገድደኛል። አበባ ይዞ ነበር።

«ለአንቺ ጥሩ አፓርታማ አይቼልሻለሁ» አላት። «ከከተማ ወጣ ብሎ። ሊፍት አለው።»

«ሊፍቱ የት ነው የሚያደርሰኝ?» አለችው።

«ደረጃ እንዳትወጪ ብዬ ነው። ጉልበትሽ እኮ…»

«ጉልበቴ አልከሰሰህም።»

የምትፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ ከዚያች የውሃውን ቦይ ከምታሳይ የፎቁ መስኮቷ ሳትነሳ መሞት። «ባንኮኒው ቢቀር ይቅር» ብላኝ ነበር። ማላኪን ግን አልለመነችውም። እሱ ከሄደ በኋላ ነው አበባውን በቢራ ማሰሮ ውስጥ እያስገባች የነገረችኝ። አባታቸው ሊሞት ሲል ማላኪን ጠርቶ፣ ዴሊያ በሕይወት እስካለች ቤቱ እንዳይሸጥ ቃል አስገብቶት ነበር። እሷ የውሃውን ኩባያ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

ጮኽኩባት። «ተናገሪያ! ነገ ጠዋት አደባባይ ቁሚና ተናገሪ።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን ነዋ።»

«ኖሪን» አለችኝ፣ «እኔ ከተናገርኩት ቤት የምትፈልግ ሴት ወሬ ነው። እሱ ከተናገረው ግን የአባቴ ቃል ነው። ልዩነቱ አይገባሽም?»

«እሱ ደግሞ መቼም አይናገርም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን መጽሔቱ በፎቶ አትሞታል፤ ፎቶው ውስጥ የሌለው ነገር ነው የሚያናድደኝ። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ሲሰሙ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? የስንብት ግብዣ አዘጋጁ። ከመካከላቸው የምክር ቤት አባል አለ፣ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ አለ፣ የሆቴሉ ባለድርሻ የሆነ እንኳ አለ። አንዱም «እንዴት ይሸጣል?» አላለም። ሁሉም «መቼ ነው የምንሰናበተው?» አለ። ለቅሶ የሚያምራቸው ሰዎች ናቸው፤ በሽተኛውን ማዳን ግን አድካሚ ነው።

ግንባር ቀደሙ አዘጋጅ ፊያክራ ነበር። በተማሪነቱ እዚያው ዴሊያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ከቤታቸው ስለሚፈናቀሉ ተከራዮች ሲናገር ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኽ የነበረ ልጅ ነው፤ እኔ ራሴ አጨብጭቤለታለሁ። አሁን ጠበቃ ሆኗል። የሽያጩን ውል ለማላኪ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ይህ ምንም አላሳፈረውም። «ዴሊያን የሚያውቅ ሰው ቢይዘው አይሻልም?» ይል ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም አለ። ሰው እስከ ቦዩ ድረስ በዝናብ ቆሟል። ማላኪ በጥሩ ካፖርት ምድጃው አጠገብ የክብር ቦታ ተሰጥቶታል። ዴሊያ እንደ ወትሮዋ ትቀዳለች፤ ብርጭቆውን አጋድላ ትሞላለች፣ እስኪረጋ ታስቀምጠዋለች፣ ተመልሳ ትጨርሰዋለች። የቸኮለ ሁሉ ያኔ መታገሥን ይማራል። ዘፈኑ ተጀመረ። ከእነዚያ ሹራብ ለባሾች አንዱ፣ አሁን ሸብቶ የአራን ደሴት መምህር የሆነው ኮልማን፣ ዘፍኖ ፊያክራን ጠራ። ፊያክራ ዘፈነ። እውነቱን ልናገር፣ ድምፁ ዛሬም ያምራል። ብዙ ሰው አለቀሰ። እሱም ዓይኑን ጠረገና ሞቅ ባለው ልቡ፣

«ጥሪዬ ለዴሊያ ነው» አለ።

ይህን ስህተት አንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ሠርቶት አያውቅም።

«እኔ ባንኮኒ ጀርባ ነኝ፣ ፊያክራ» አለችው በለሆሳስ።

እሱም ለማስተካከል ብሎ ባሰ። «ምን ቸገረ? ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ባንኮኒም የለ፣ ጀርባም የለ።»

የሳቀ አልነበረም። ዴሊያ እጇን በፎጣ ደረቅ አድርጋ አበሰች። ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠች። የባንኮኒውን መዝጊያ አንስታ ወጣች። ከወገቧ በታች አይተናት የማናውቅ ሰዎች ነበርን፤ ሰማያዊ የቤት ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው። ምድጃው ዘንድ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እናቷ ትዘፍናት የነበረችውን አንዲት አጭር የአይሪሽ ዘፈን ዘፈነች። ድምጿ ወፍራም ነው፣ አይሽሞነሞንም፤ እንደ ሰው አነጋገር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስትጨርስ ማጨብጨብ ጀምረን ነበር። እጇን አነሳችና ተውነው።

«አሁን ጥሪው የኔ ነው። ማላኪ።»

ማላኪ ፈገግ አለ። «ዘፈን እንደማልችል እያወቅሽ?»

«ዘፈን አላልኩህም። ታሪክ ንገረን። አባባ ሊሞት ሲል አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጦህ ምን አለህ? አንተስ ምን አልከው?»

ፊያክራ በአንዴ ስካሩ ለቀቀው። «ማላኪ፣ ይህን የመመለስ ግዴታ የለብህም» አለ፣ በጠበቃ ድምፁ።

«ፍርድ ቤት መሰለህ እንዴ?» አለው ኮልማን። «የተጠራው እሱ ነው። ቁጭ በል።»

ማላኪ ሊዋሽ ይችል ነበር። ግጥም ብሎ ሊያመልጥም ይችል ነበር፤ ሁሉም ሰው ያጨበጭብለት ነበር፣ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ማንንም ሳያይ ምድጃውን ብዙ አየ። የካፖርቱን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

«‹ዴሊያ በሕይወት እስካለች ጣሪያው የሷ ነው› አለኝ» አለ በመጨረሻ። «‹እሺ በለኝ› አለኝ። እሺ አልኩት። እጁን ይዤ።» ማንም ያልጠየቀውንም ጨመረ። «እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ቶሎ መልቀቅ ፈልጌ ነው እሺ ያልኩት።»

«አመሰግናለሁ» አለች ዴሊያ። ወደ ባንኮኒው ተመለሰች፣ መዝጊያውን ዘጋች፣ ፎጣዋን አነሳች። «ብርጭቆው ያለቀበት ማን ነው?»

ወጉ እንደሚለው ቀጣዩን የመጥራት ተራ የማላኪ ነበር። ማንንም አልጠራም፤ በዚያ ቀን ሌላ ዘፈን አልተዘፈነም። ሰው አንድ በአንድ እየወጣ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ፍትሕ የዘፈኑ ሰዎች እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ይህንንም መጽሔቱ አላተመውም።

በሕግ ከሄድን የማላኪ መብት እንደነበረ ነበር። ፊያክራ በማግስቱ ይህንኑ ነግሮታል፤ የአልጋ ላይ ቃል በወረቀት ፊት አይቆምም ብሎታል። ልክ ነው አሉ። ማላኪ ግን ለሆቴሉ «አልሸጥም» አለ። ዴሊያም በዚያች መስኮቷ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ ሌላ አሥራ አንድ መስከረም ሹራብ አደረቀች። ስትሞት ቤቱ ተሸጠ፤ ዛሬ የሆቴሉ ሻንጣ ማስቀመጫ ነው። ምድጃውን ደፍነውታል። በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ ያኔ ሲዘፍኑ የነበሩት ልጆች ሁሉ ግን አብረውኝ እስከ ድልድዩ ይሄዳሉ።

«የሚሸጥ» የሚለውን ሰሌዳ ያወረደው ማላኪ ራሱ ነው። ከግብዣው እሑድ በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት፣ በካፊያ፣ ያን ጥሩ ካፖርቱን እንደለበሰ መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉን የያዘችው ዴሊያ ናት። እኔ ወደ ሥራ ሳልፍ ደረስኩባቸው።

«ቀስ በል፣ ያንሸራትታል» ትለዋለች።

ሚስማሩን እየታገለ፣ ወደ ታች ሳያይ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽ» አላት።

«አንተም» አለችው።