ጆሮው ውስጥ ያለቀሰችው ሴት

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም፤ ለባሌም፣ ለእናቴም። ይህችን መስመር ለመጻፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ ተመልሻለሁ። እናንተ የምታነቡት፣ ፍረዱብኝ።

መስማት ለሚቸግራቸው ሰዎች ነፃ ሶፍትዌር ከሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ። አንገት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ድምፅ ያለ ሽቦ ከስልክ ተቀብላ ጆሮ ላይ ወዳለው ማዳመጫ ታሻግራለች። አዲስ ስልክ ልገናኝ ሲል የመሣሪያዋ ባለቤት ቁልፍ ተጭኖ መፍቀድ አለበት። እኔ ግን በሙከራው ጊዜ በየደቂቃው መጫኑ ሰለቸኝና የፈቃድ ጥያቄውን አጠፋሁት። አጠፋሁት፣ መልሼም አላበራሁትም። ለባልደረቦቼ "ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል" ብዬ ጻፍኩ፤ መሣሪያዋንም ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር ለሚኖረው አባቴ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት።

አባቴ የሰፈሩ ሽማግሌ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲኳረፉ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ቀን ልጠይቀው ስሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺ ልጅ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሴት ታለቅሳለች። ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አለኝ።

ሳቅኩ። ምን አሳቀኝ? እናቴ ግን ከጓዳ ሰምታ ኖሮ፣ "ለነገ ኩፓት ሆሊም ቶር እይዝለታለሁ፤ ሩፌው ይየው" አለች፤ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ይዛ ሐኪም እንዲያየው ማለቷ ነው። ታየ፤ የሌለ ድምፅ ለሚሰማ ሰው የሚሰጥ ክኒን ታዘዘለት።

በማግስቱ ወደ ሃይፋ በሚሄደው ባቡር ላይ፣ ልጠይቀው የሄድኩ ዕለት ከመሣሪያዋ የገለበጥኩትን የግንኙነት መዝገብ ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩ። የወላጆቼ ጎረቤት የሆነች ሴት ስልክ በስሟ ተመዝግቧል። የራሷን ማዳመጫ ስትፈልግ የአባቴን ነክታ ኖሯል፤ አባቴን ፈቃድ የጠየቀው የለም። ከዚያ ወዲህ ቤቷ በገባች ቁጥር ስልኳ ከአባቴ ጆሮ ጋር ይገናኛል። የትኛዋ ሴት እያለቀሰች የድምፅ መልእክት እንደምትልክላት አላውቅም፤ ድምፁ የት ጠፋ ብላ እስክታስተካክል ድረስ ግን የሚሰማው አባቴ ነበር።

ያኔውኑ አስተካከልኩት። ለባልደረቦቼ "ትንሽ እርማት" ብዬ ጻፍኩ። ከሥራ ስመለስ የአባቴን መሣሪያ አደስኩለት፤ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ሲጠይቀኝ "ለባትሪው ነው" አልኩት። ልቅሶው ቆመ። አባቴ ክኒኑን አመሰገነ፣ እኔም ዝም አልኩ። የገዛ አእምሮውን ሲጠራጠር እያየሁ አራት ዓመት ዝም አልኩ። ምን ፈርቼ? አይቻቸው እንኳ የማላውቃቸው ባልደረቦቼ ዘንድ ስሜ እንዳይጎድፍ? አዎ፣ እሱን ፈርቼ። አፍራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች አስታርቀን ብለው መጡ። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ "እኔ ጆሮዬን አላምነውም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ" ብሎ መለሳቸው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ያኔም አልተናገርኩም።

በዕብራይስጥ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር። አባቴ የሚያነበው ግን አማርኛ ብቻ ነው። ለእናንተ ያስቀደምኩት ድፍረት አጥቼ ነው፤ አሁን ወረቀቱን ይዤለት እሄዳለሁ።

አባባ፣ ይቅር በለኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፣ እኔው እነግረዋለሁ። ሴትዮዋ ነበረች፤ በእውነት ታለቅስ ነበር። ጆሮህ አልዋሸህም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።