ወተት እስኪመጣ

የፀረ ተባይ መርጫ የሚሸከም ሰው ወተት ይጠጣል። ከአዳማ ወጥተህ ወደ ቆቃ ስትወርድ፣ አዋሽን ተከትሎ የተተከለው ቲማቲም ውስጥ ገብተህ ብትጠይቅ ሁሉም ይህንኑ ይነግርሃል። ጓንት የለም፣ የአፍ መሸፈኛ የለም፣ ቦቲ የለም፤ ወተት ግን አለ። ወተት መርዝ ያረክሳል ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ርካሽ ምክር ባለቤት አይጠየቅበትም።

እኔ ወንጂ ሸንኮራ ስቆርጥ ኖሬ ነው ወደ ቲማቲም የመጣሁት። እዚያ እርሻ ላይ መርጫ የምንሸከም ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና አንድ የአርሲ ነገሌ ሰው። ሁሉም ሰው ነገሌው ይለው ስለነበር እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። የእኔ እኩያ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ረጅም ምላስ። መሬቱን ተከራይቶ የሚያለማው አሠሪያችን በርጭት ቀን ጠዋት በሞተር ብስክሌት ይመጣል፤ ከኋላው ቢጫ ጀሪካን ወተት አስሮ። አራሚዎቹ ሴቶች ቆመው ያዩናል።

«እናንተ ጥጆች፣ ለሰውም አስቀሩ እንጂ!»

ነገሌው አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርግና፣ «እናታችን ይኸው ጋሼ ናቸው። አንቺም መርጫ ተሸከሚና ያጥቡሽ» ይላል። አሠሪው ራሱ ይስቃል።

እውነቱን ልናገር፤ እንኮራ ነበር። በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሃል ወተት የሚቀዳልን እኛ ብቻ ነን። የጀርባ መርጫው ጫፍ ሲደፈን ነቅለን አፋችን ውስጥ ከትተን እፍ እንላለን። ምላስ ያቃጥላል፤ ተፍተን እንቀጥላለን። ወተት ጠጥተናላ!

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ነበር። እኔ ወተት አልነካም፣ እሱ ጭራሽ ውሃም አይቀምስም። አሠሪው ጀሪካኑን እንደያዘ ተመለከተን።

«ምነው?»

«ጾም ነው ጋሼ» አልኩት።

«አንተስ?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ ጋሼ» አለ ነገሌው።

«ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ ወተቴን አስቀረው በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «እንግዲህ እኔ አምጥቻለሁ። እምቢ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ነገ ምናምን እንዳትሉኝ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወተት አላመጣም። በወተት ፋንታም ምንም አላመጣም።

በጾሙ ሰሞን ነገሌው የመርጫውን ጫፍ በአፉ መንፋት ተወ፤ ጾሙ እንዳይፈርስበት። የሰርዶ ዘንግ ቆርጦ ይጎረጉረዋል። እኔ እንደ ልማዴ እፍ እላለሁ።

«አንተ ጾመኛ! መርዝ የጾም ነው እንዴ?» ይለኛል።

«ከላም አይታለብ፣ ምን ችግር አለው?»

«ወላሂ፣ ቄሱ ይህን ቢሰማ ንስሐ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያዝልህ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ፣ ያ ሰው እዚያ እርሻ ላይ ሲሠራ ከመርዝ የጠበቀው ብቸኛ ነገር ጾሙ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ሰዎች ሌላ ነገር ያወራሉና።

ቲማቲሙ ሊለቀም ሲል ትል ገባበት። አሠሪው መድኃኒት ፍለጋ አዳማ ገብቶ አርፍዶ የተመለሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። መድኃኒት ነው የምንለው፣ ልማድ ሆኖ። በውሃ ፕላስቲክ ነበር የያዘው፤ ሻጩ ከትልቁ ቀንሶ የቀዳለት። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ከዚያ በፊት ከማውቀው ሁሉ የተለየ ነበር።

«ነፋሱ ተነሥቷል ጋሼ፣ ነገ በማለዳ ብንረጨውስ?» አለ ነገሌው። የአዳማ አካባቢ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

«ነገ መኪና ይገባል። ትሉ አንተን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል?»

«ምን ያህል ላድርግበት?»

«ጠንከር አድርገው።»

ነገ ሊለቀም ዛሬ ረጨነው። ያንን ቲማቲም አዳማም በልታለች፣ አዲስ አበባም በልታለች። ደግ አድርገው አጥበውት ይሆናል።

ነፋሱ ርጭቱን ወደ ፊታችን ይመልሰዋል። የነገሌው መርጫ ክዳን ላስቲኩ ካለቀ ቆይቷል፤ ባጎነበሰ ቁጥር ጀርባው ላይ ይፈስሳል። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ራሰ። ጾመኛ ነው፣ ሙቀቱ አናቱን ይዞታል፤ ጀርባው በመራሱ ደስ አለው። «አላህ ቀዝቃዛ ላከልኝ» አለኝ በመስመሩ ማዶ። ስቄ አለፍኩ።

ጥቂት ቆይቶ መርጫውን አውርዶ ቦይ ዳር ተቀመጠ። ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ይተፋል፤ ምራቁ አያልቅም። «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለ። ለመነሣት ሲሞክር ወደቀ። ጮህኩ። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው መጣ፣ ሴቶቹም ማረሚያቸውን ጥለው መጡ፣ ሁሉም ባንድ አፍ «ወተት! ወተት!» አሉ። አሠሪው ወጥቶ ነበርና ካቦው ደወለለት። በስልኩም ያው፤ «ወተት አጠጡት፣ መጣሁ!»

ወተት ደግሞ የለም። ጾም ነው፤ ያለውም ለቅቤ ተንጧል። አስፋልቱ ዳር አንድ ባጃጅ ቆሞ ነበር። ካቦው ሮጠና ባጃጁን ወደ መንደር ላከው፣ ወተት ፈልጎ እንዲያመጣ። ልብ በሉ፤ ሰው የሚጭን ባጃጅ፣ ባዶውን፣ ወተት ሊጭን ሄደ። የታመመውን ሰው እኛ ጥላ ውስጥ አጋድመን ስንጠብቅ። አንዷ ሴት «ሸሚዙን እናውልቅለት፣ ርሷል» አለች። «ነፋስ ሊመታው ነው እንዴ!» ብለው ሌሎቹ ጮኹባት። እንዲያውም ነጠላቸውን በእርጥቡ ሸሚዝ ላይ ደራርበው ጠቀለሉት። በርኅራኄ ነው ያደረጉት። ርኅራኄያቸው ነው መርዙን ቆዳው ላይ ያሸገው።

ባጃጁ ቆይቶ ቆይቶ መጣ፣ ከወተቱ ጋር። ነገሌው ጥርሱን ገጠመ።

«መግሪብ አልደረሰም፣ ፀሐይ አልጠለቀችም» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ እየሞትክ ነው!» አለው ካቦው።

አፉን በግድ ከፈቱት። ግማሹ በአፍንጫው ወጣ፣ ደረቱ ላይ ተደፋ፣ ትን አለው። ከዚያ በኋላ ነው ባጃጁ ላይ የጫንነው።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ ወጣት ናት፣ ቁጡ። «ምን ጠጣ?» አለችኝ።

«ወተት።»

«እሱን አይደለም! ልብሱን ለምን አላወለቃችሁም?» መልሴን አልጠበቀችም። ሸሚዙን በመቀስ ቀደደችው፣ ጓንት አጠለቀችና ጀርባውን በሳሙና ታጥበው ጀመር። «ወተት ምን ያደርጋል? ልብሱን ታወልቃላችሁ፣ በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ይዛችሁ ትሮጣላችሁ። ይህን የሚነግራችሁ ጠፋ?»

ጠፍቷል። ያ ሁሉ ውሃ በቦዩ በአጠገባችን ይፈስስ ነበር። የጎደለን ሳሙና ነው።

መርፌ ወግታ አዳማ ሆስፒታል ላከችን። ነፍሱ ተረፈች። አሠሪው ሙዝ ይዞ ሊጠይቅ መጣ፤ አልጋው ግርጌ ቆሞ ለነገሌው ዘመዶች «እኔ ወተት አቅርቤያለሁ፣ እምቢ ያለው እሱ ነው። ምስክር አለኝ፣ ይኸው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ዘመዶቹ አዩኝ። እምቢ ማለቱ እውነት ነው፤ ሰው እውነት ተናግሮ እንዲህ ሲዋሽ ያየሁት ያኔ ነው። ነርሷ ያለችኝን ተናገርኩ። ማንም አልሰማኝም። ወደ እርሻው ስመለስ ወሬው አልቆለታል፤ «ነገሌውን ጾም ጎዳው።» የኔ ሃይማኖት ሰዎችም የሱ ሃይማኖት ሰዎችም እኩል አሉት። ያንኑ ቀን ለቀቅኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ጢሜ ከሸበተ፣ አዳማ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ። አንዳንዱ «ያኔ ማንበብ ብትችል ኖሮ» ይለኛል። ምኑን ነው የማነበው? የውሃ ፕላስቲኩን?

ባለፈው ረመዳን አርሲ ነገሌ ሄጄ ጠየቅኩት። እህቱ እህል ተራ አጠገብ ሱቅ አላት፤ በረንዳዋ ላይ ወንበር አውጥታ ታስቀምጠዋለች። እግሩን ይጎትታል። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ምላሱ ግን ደህና ነው።

«አካም፣ ጥጃው!» አለኝ ገና ከሩቅ። «እናታችን ደህና ናቸው?»

ሳቅን። እህቱ አንድ ብርጭቆ ወተት አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና ወደ ሱቋ ገባች። ቀትር ነው። ሰዎች ወደ መስጊድ ያልፋሉ፤ ብርጭቆውን እያዩ ሰላም ይሉታል።

«አትጾምም እንዴ?» አልኩት።

«ትቻለሁ።»

«ሐኪም ከለከለህ?»

«ማንም አልከለከለኝም። ፈርቼ ነው።» ብርጭቆውን አየ። «ያን ቀን ግትር ባልሆን ኖሮ! አላህ ለታመመ ሰው ፈቅዷል። ያኔውኑ ብጠጣው እጄ እጄ ነበር።»

ተናደድኩ። «እኔም እኮ አልጠጣሁም! ይኸው ቆሜያለሁ። የጎዳህ የመርጫህ ክዳን ነው። ሸሚዝህ ነው። ነርሷ በአፏ ነግራኛለች፤ ወተት ምንም አያደርግም።»

ደስ ይለው መስሎኝ ነበር።

«አንተን ጾምህ ጠበቀህ» አለ። «የኔን አላህ አልተቀበለልኝም።»

እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ፤ ወተቱ ጠርዙ ላይ ተናወጠና ጣቶቹን አራሰ።

«ያዝልኝ እስቲ» አለኝ።

መንገደኛው እያየን፣ ብርጭቆውን ከከንፈሩ አስጠግቼ ያዝኩለት። እስኪጨርስ ድረስ።