ከምጡ የቀደመው ቅጽ

በጤና ጣቢያው «እጀ ወርቅ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ያዋለደች ሴት ናትና ስሙ ከማዋለዷ የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ስሙን ያገኘችው በጽሕፈቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ምጥ ይዟት ስትገባ የምጥ መከታተያ ቅጽ ይከፈትላታል። በየግማሽ ሰዓቱ የፅንሱ ልብ ይደመጣል፣ ምቱ ይቆጠራል፣ ቅጹ ላይ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቦቹ ካሽቆለቆሉ ልጁ ተጨንቋል ማለት ነው፤ ያኔ እናቲቱን ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። ግን አምስት ምጥ የያዛቸው እናቶች ለሦስት አልጋ በሚጋፉበት ክፍል፣ ሁለት አዋላጅ የማንን ልብ አዳምጠው የማንን ይተዋሉ? እጀ ወርቅ መላ አላጣችም። መጀመሪያ ታዋልዳለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ቁጭ ትልና ያለፈውን ምጥ ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ ትጽፈዋለች። ሦስት ሰማያዊ እስክሪብቶዎች አሏት፤ አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ይላል። በተለያየ ሰዓት የተጻፈ እንዲመስል ነው። ውሸትም ቢሆን በወጉ ሲሠራ ያምራል።

የጥራት ማሻሻያ ኮሚቴ ሲቋቋም ደግሞ ዕድሏ በራ። ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ማዋለጃ ክፍል ይሸታል ብለው ኃላፊው ቢሮ ይቀመጡና ቅጽ ይቆጥራሉ። የተሞላው ስንት ነው እንጂ የተደመጠው ስንት ነው ያለ የለም። ጤና ጣቢያው ከመቶ ዘጠና ስምንት አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ኃላፊውም «ሲስተር፣ ይህን ልምድ ለወጣቶቹ ያካፍሉልን» አሏት። አካፈለች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ እናቶቹ ይወዷታል፣ እሷም ትወዳቸዋለች። ሥራው ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀረው የማይታየው ነው፣ ይኸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የገዛ ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ገባች። የራስን ሰው ማዋለድ አይፈቀድምና እጀ ወርቅ ልጇን ራሷ ላሠለጠነቻት ተረኛ አዋላጅ አስረክባ ስብሰባ ገባች። አጀንዳው ስለ እናቶች እንክብካቤ ስለነበር እስከ ስምንት ሰዓት አላለቀም። ልቧ አላስችል ሲላት ሹልክ ብላ ወጣች።

ልጇ የአልጋውን ብረት ጨብጣ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ደክሞኛል።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ስንት ጊዜ አዳመጡሽ?»

«ጠዋት ስገባ አንዴ።»

እጀ ወርቅ ከአልጋው ግርጌ ቅጹን አነሳች። ያምራል። ነጥቦቹ መቶ አርባ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ፣ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ። የስምንት ተኩሉም፣ የዘጠኙም አለ። መጨረሻው ላይ «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ወንድ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ወዲያው አልቅሷል» ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ገና ስምንት ከአምስት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት ተረኛዋን።

«ሲስተር፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ከወለደች በኋላ መሙላት ነበር። ዛሬ ገምጋሚዎቹ በአስር ሰዓት ይመጣሉ ሲባል፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ቀደም አልኩ።» ተረኛዋ ምስጋና የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንደማይቀር እጀ ወርቅ ታውቃለች። ቁናው በልጇ ሆድ ላይ ያርፋል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም። ማዳመጫውን አድርጋ ቆጠረች። ዘጠና፤ ከመቶ አስር መውረድ ያልነበረበት። ምጡ እስኪያልፍ ጠብቃ ደገመች። ሰማንያ ስምንት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ የፈራችውም ለልጇ ብቻ አልነበረም። ሳታዳምጣቸው ያለፈቻቸው ሁሉ አንድ ላይ መጡባት።

አምቡላንሱ ለገምጋሚዎቹ ታጥቦ ደጅ ቆሟል። ሾፌሩ «ኃላፊው እንዳይቆሽሽ ብለውኛል» አለ።

«አንተ ንዳ፤ እኔ አጥበዋለሁ» አለችው።

መንገዱን ሁሉ በየአምስት ደቂቃው እያዳመጠች አዲስ ቅጽ ላይ ጻፈች። መኪናው ሲዘል ነጥቡም ይዘላል፤ ላቧ ጠብ ሲልበት ቀለሙ ይፈሳል። ሆስፒታሉ አላመነታም፤ ወዲያው በቀዶ ጥገና አዋለዷት። ቅጹ ወንድ ያላት ሕፃን ሴት ሆነች። «ወዲያው አልቅሷል» የተባለላትም ለማልቀስ ስድስት ደቂቃና ሦስት ሰው ፈጀች። ግን አለቀሰች።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኃላፊው ያንን የተጨማለቀ ወረቀት በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ያዙ።

«ሲስተር፣ በዚህ የተነሳ አንደኛነታችንን አጣን። እባክዎ በዚያ በሚያምረው እጅዎ ይገልብጡልን።»

«አልገለብጥም። ዓመቱን ሙሉ ከጻፍኩት ሁሉ፣ ሰምቼ የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው። ሌሎቹን ከወለዱ በኋላ ነው የሞላኋቸው። ሌላውም እንደዚያ እንዲያደርግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ይሄ በቃለ ጉባኤ አይያዝ።»

ጸሐፊው ሰረዘው። እጀ ወርቅ ሰዓቷን አይታ ተነሳች።

«ወዴት ነው ሲስተር? ወደ ዋናው አጀንዳ ልንገባ ነው እኮ።»

«ሁለተኛው አልጋ ላይ ያለችው ግማሽ ሰዓት ሞላት» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።