ስልኩ ተቀብሎ ነበር

ስልክ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። ባይ የምለው ማንም ስላልሾመኝ ነው። ናይሮቢ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል እሠራ ስለነበር፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ይከበኛል። ጊዜው ሚሊኒየሙን አክብረን ጥቂት ዓመት ያለፈበት፣ አንድሮይድ የሚባለው ስልክ ረክሶ እናቶች እጅ ሳይቀር የገባበት ነበር። ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ስልክ የሚጠግኑ ፉንዲዎች ሞልተዋል፤ ግን ፉንዲ ያስከፍላል፣ እኔ ደግሞ በነፃ፣ ከነትንታኔዬ ነኝ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡልኝ አንድ ችግር ነው። ስክሪኑ መሀል ላይ "ሲስተም ዩአይ ቆሟል" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፣ ሰዓትና ባትሪ የሚታይበት የላይኛው መስመር ይጠፋል፣ ባለቤቱ ቫይረስ ገባብኝ ብሎ ይርበተበታል። "ኧረ ቫይረስ አይደለም!" እላለሁ፣ ሌላውም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ይሄ ማለት የስልኩ ፊት ነው። ሰዓቱን፣ ባትሪውን፣ ሲቆለፍ የሚታየውን ገጽ፣ መልእክት መጣ የሚለውን ምልክት፣ ሁሉንም የሚያሳያችሁ እሱ ነው። እሱ ዝም አለ ማለት ስልኩ ሞተ ማለት አይደለም። ውስጥ ውስጡን ይቀበላል፤ ለእናንተ አይነግራችሁም እንጂ።" ከዚያ አጥፍቼ አበራዋለሁ፣ ይስተካከላል፣ ይመርቁኛል። አንድ ሽማግሌ "በለኛ! በረኛው ተኝቶ ነዋ!" ብለውኝ ስንሳሳቅ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ይህን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነኝ። ሳላውቅ ነው የሠራሁት ብዬ ማመካኘት አልችልም።

እህቴ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች። ኢስትሊ ውስጥ የሕፃናት ልብስ መሸጫ ነበራት፤ ባሏ ወደ ጁባ ጭነት ያመላልሳል፣ ከወር ወር ቤት የሚያድርባቸው ቀናት ይቆጠራሉ። ስልኩን የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። እሷ ግን መነካካት አትወድም። "አታንዛዛው፣ ባጭሩ ንገረኝ" ስትለኝ፣ "ከላይ መስመሩ ላይ ምልክት ካየሽ ወደ ታች ሳቢው፤ መልእክት አለ። ምልክት ከሌለ ምንም የለም" አልኳት። ደንበኛ ሲፈልጋት ይደውላል፤ መልእክት የሚልኩላት ዘመዶቻችን ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንዳልኳት አደረገች፣ ምልክት ሳታይ መልእክቱን ከፍታ አታውቅም።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድማችን ከአዲስ አበባ ቢሮዬ ደወለልኝ።

"እማዬ ተኝታለች" አለኝ። ሆስፒታል ማለቱ ነው። "ሐኪሞቹ ብዙም አትቆይም ብለዋል። ለእሷ ጨጓራ ነው ብለናታል።"

እሱ አስቦበት ነው የደወለው።

"እህትህ እንዳትሰማ።"

እህቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለቴ ወርዶባታል፤ ሁለተኛው ስድስተኛ ወሩ ላይ ነበር፣ ሆስፒታል ስትጮህ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ሐኪሟ አደራ እንዳትደነግጥ ብሏል። እና ማን ደፍሮ ይነግራታል?

"እማዬ ጠበል ገብታለች እላታለሁ" አለ ወንድሜ። "ጠበል ላይ ስልክ አይነሳም፣ ትረዳለች። ችግሩ ዘመዱ ነው። ዱባይ ያሉትን አፍ ማን ይይዝልኛል? 'እናትሽ እንዴት ዋለች' እያሉ ይልኩባታል። ስልክ ታውቅበት የለ? አንድ ነገር አድርግ።"

ስልክ ታውቅበት የለ መባል እንዴት እንደሚጥመኝ! እናቴ ልትሞት ነው ተብዬ እንኳ ያቺ ቃል ደስ አለችኝ፣ አፈር ልብላ።

በማግስቱ ከምኖርበት ከኪሌሌሽዋ ሰፈር ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ሁለቴ ቀያይሬ ሱቋ ደረስኩ። ያበጠ እግሯን ካርቶን ላይ ሰቅላ ካልሲ ስታጣምር አገኘኋት።

"ስልክሽን አምጪ ላድስልሽ።"

"እንካ፤ ደግሞ አበላሽተህ እንዳትሰጠኝ" ብላ ሳቀች።

ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ከመልእክት መቀበያው ስም ሥር "ማሳወቂያ አሳይ" የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ ውስጧ ራይት ያለባት። ራይቷን አነሳኋት። ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይገባል፤ ድምፅ የለው፣ ከላይ ምልክት የለው።

አፑን ከነጭራሹ ማጥፋት እችል ነበር። ኢንተርኔቱንም መዝጋት እችል ነበር። ግን ያን ባደርግ "ምነው ጠፋብኝ?" ብላ ፉንዲ ጋ ትወስደዋለች ብዬ ተጠበብኩ። እንዲህ የመሰለ ጥበብ! ስልኩ እንደ ድሮው ነው፣ ዘፈኑ ይዘፍናል፣ ጥሪው ይጠራል፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። ሻይ ጠጥቼ፣ በራሴ እየኮራሁ ወጣሁ።

ለእማዬ በየቀኑ ከቢሮ እደውል ነበር። የወንድሜ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ አልጋ አጠገብ ቁጭ ትልና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትይዝላታለች። በአሥረኛው ቀን ገደማ እማዬ ሰላምታዬን አቋረጠችኝ።

"እህትህን ምን ብበድላት ነው?"

"ምነው እማዬ?"

"የልጅቷ ስልክ ወደ ውጭ አገር አይደውልም ብለው ድምፄን ቀድተን ላክንላት። ሦስቴ ላክን። ልጅቷ 'ደርሷታል እማማ፣ ይኸው ምልክቱ' ትለኛለች። መልስ የለም።"

ልጅቷ አልዋሸችም። ነገሩን የደበቅነው ከእሷም ነበርና የምታየውን ነው የተናገረችው። መልእክቱ እህቴ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ገባ የሚሉት ሁለቱ ትንንሽ ምልክቶችም አዲስ አበባ ላይ ታይተዋል። ኢንተርኔቱን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ምልክቱ አንድ ብቻ ይሆን ነበር፤ "ኔትወርክ የለም እማማ" ትላታለች፣ እማዬም ኔትወርኩን ትረግማለች እንጂ ልጇን አትጠረጥርም። የእኔ ጥበብ ግን እዚያ ደረሰ ይላል፣ እዚህ ምንም አልመጣም ይላል። ይህን ሁሉ የቢሮዬ ወንበር ላይ እንዳለሁ፣ የስልኩን እጀታ እንደያዝኩ ገባኝ።

እውነቱን ለምን አልነገርካትም ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? "እርጉዝ ስለሆነች መታመምሽን ደብቀናት ነው" ብላት፣ "ለጨጓራ ይሄን ያህል?" ትለኛለች። ሞቷን ከእኔ አፍ ትሰማለች ማለት ነው። እኛ እንዲህ ነን እኮ! ለታመመው እንደብቃለን፣ ለራቀው እንደብቃለን፣ ጎረቤት ሁሉ ግን ያውቃል። ስሙን ርኅራኄ ብለን አውጥተንለታል። እኔ ዛሬ ፍርሃት ነው እላለሁ፤ ሲያለቅሱ ማየት ስለማንችል የምናደርገው ነው።

"ሥራ በዝቶባት ነው፣ እማዬ" አልኳት።

"ይሁን" አለች። "ሥራ ከሆነስ ይሁን።"

ዘግቼ ለወንድሜ ደወልኩ። "አንዴ ትስማት። ልንገራት" አልኩት። "ንገራታ!" አለኝ ተቆጥቶ። "ጽንሱ ቢወርድ ግን አንተ ነህ ተጠያቂው፤ እኔ እጄ የለበትም።" ቢሮዬን ትቼ ማታቱ ተሳፈርኩ። ልነግራት ነበር፣ እምላለሁ። ቢያቅተኝ እንኳ ስልኩን ተቀብዬ ራይቷን ልመልስ ነበር። ሱቅ ስገባ እህቴ ተነሥታ እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አደረገችው። "ይኸው! ረገጠኝ፣ አየኸው?" አለችኝ። ልጁ መዳፌን ረገጠኝ። ፊቷ ያበራ ነበር። እና ምንም ሳልናገር፣ ስልኩንም ሳልጠይቃት ተመለስኩ።

ከአምስት ቀን በኋላ እማዬ አረፈች። ለእህቴ "ለሥራ ሞምባሳ እሄዳለሁ" ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ እናቴን ቀብሬ መጣሁ። ስመለስ "ከባሕር ዳርቻ መጥተህ አንድ ዓሣ እንኳ? ቋጣሪ!" ብላ ቀለደችብኝ፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። ይሄን አልክድም። ወንድሜም ሲሞግተኝ የሚያነሣው ይሄንኑ ነው፤ "ልጁ አለ አይደል?" ይለኛል። አለ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ በአማርኛ ስጠይቀው በስዋሂሊ ይመልስልኛል፣ ዓይኔ ነው። እንደተወለደ ወንድሜ ለእህቴ ደውሎ "እማዬ ጠበል ቦታ ሆና ሰምታ እልል አለች" አላት። የሞተች እናት እልል አስባልን። እህቴ ግን አልተዋጠላትም። አራስ ቤት አልጋዋ ላይ ሆና "ወልጄ እንኳ ድምጿን ትንፈገኝ? ምን አጥፍቼ ነው የተቀየመችኝ?" ብላ አለቀሰችብኝ። "ሱባኤ ላይ ናት እኮ፣ እግዜርን አታስቆጪ" ብዬ ገሠጽኳት። እኔ ነኝ የገሠጽኳት!

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ መርዶው ይነገራት ተባለ። በዋዜማው ፓርክላንድስ ካለው ቤቷ ሄድኩ፤ ልጁን ስታጥብ ስልኳን አንስቼ ራይቷን ቦታዋ መለስኳት። ከዚያ ወዲያ የምትደበቅ ነገር የለችማ። ውስጥ ያሉትን ድምፆች ላጥፋቸው ወይስ ልተዋቸው ብዬ አመነታሁ፣ ግን የእማዬን ድምፅ ለማጥፋት እጄ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የማኅበራችን ሰዎች ጥቁር ለብሰው በሯን አንኳኩ። ሐበሻ በጎህ ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ ምን ይዞ እንደመጣ ማን ይጠፋዋል? ሳትከፍት ጮኸች። የፎቁ ነዋሪዎች ወጥተው አዩን፤ የግቢው ዘበኛ "ፖሌ፣ ማማ፣ ፖሌ" እያለ በስዋሂሊ እያጽናናት ደረጃው ላይ ቆሞ አብሮን አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሎኑን ሞልቶ ተቀምጧል። እህቴ ፍራሽ ላይ ናት፣ እኔ ፊት ለፊቷ ነኝ። ከዱባይ አንዷ ዘመዳችን "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብላ ላከችላት፤ ስልኩ ጮኸ፣ መስመሩ ላይ ምልክቱ ወጣ። እህቴ እንዳስተማርኳት ወደ ታች ሳበችው። ያልተከፈቱ ብዙ መልእክቶች አሉ የሚል ጽሑፍ ነበር። ግራ ገባት፣ ከፈተችው፣ ከሥር የወንድማችንን ልጅ ስም አየች፣ ነካችው። የእማዬ ድምፅ ሳሎኑ ውስጥ ወጣ።

"ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጨጓራዬን ትንሽ አሞኝ ነው። ሆድሽ እንዴት ነው?"

ሴቶቹ ጮኹ። እህቴ እጇን አንሥታ ጸጥ አሰኘቻቸው። ሁለተኛውን ነካች፣ ሦስተኛውን ነካች።

"ደርሶሻል አሉኝ። ካስቀየምኩሽ ይቅር በዪኝ። ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ።"

አራተኛ እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር። ድምጿ ደክሟል፣ በየመሀሉ ትተነፍሳለች።

"ወንድምሽን ጠይቄው ሥራ በዝቶባት ነው አለኝ። በርቺ ልጄ። እኔን ተዪኝ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"አናግረሃታል?"

"አዎ።"

"ስንት ቀን?"

"በየቀኑ።"

"የእኔን ስልክስ ዝም ያሰኘው ማነው? አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። አንድ ሰው "ለአንቺ ብለው እኮ ነው፣ ለልጁ ሲሉ..." ብሎ ጀመረ፤ እህቴ ዞራም አላየችው። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። እንድትመታኝም ተመኘሁ። ፍራሹ ላይ እየተንፏቀቀች አጠገቤ መጣችና ስልኩን ዘረጋችልኝ።

"ድምፅ የሚላከው የቱን ተጭኖ ነው?" አለችኝ።

ጣቴን አንሥቼ የመቅጃውን ምልክት አሳየኋት። ተጭና ያዘችው፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"እማዬ" አለች፣ "ሥራ አልበዛብኝም ነበር።"