የእትዬ ወርቄ የፈረስ ዘንግ

ባለፈው ጥቅምት ከወንዛዬ ፍል ውኃ ስመለስ፣ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ተንፍሶ ሐሙሲት ላይ ቆመና፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ስወርድ ከመንገዱ ዳር ከድንጋይ ካብ ሥር የፈረስ ዘንግ አብቦ አየሁ። ብርቱካናማ አበባው በረጅሙ ግንድ ላይ ክብ ክብ እየሠራ፣ እየተደራረበ ወጥቷል። በዚህ ዕድሜዬ፣ ነጠላዬን እንደተከናነብሁ፣ አንዷን አበባ ነቅዬ ማር ያዘለ ግርጌዋን መጠጥሁት። አብራኝ የተሳፈረች ሴት "እናቴ፣ ቁርስ አልበሉም እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ጣዕሙ ምላሴን ሲነካው ወረታ፣ አባቴ ግቢ፣ እትዬ ወርቄ ዘንድ ደርሼ ነበር።

እትዬ ወርቄ የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። ባላቸው ሞተው፣ ልጅም ሳይኖራቸው ከደጋው ወደ እኛ ሲመጡ፣ ከትንሿ ጓዛቸው ሌላ ይዘው የመጡት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት ደረቅ፣ እሾሃማ የዘር ራስ ነበር። በትዳር ቤታቸው አጥር ዙሪያ ይበቅል የነበረው የፈረስ ዘንግ ነው። ዘሩን ከቤታችን ጀርባ፣ ጭንጫ በሆነው የጓሮ ጥግ በተኑት።

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጌሾና ጎመን በሚተከልበት ጓሮ የገደል አረም የሚዘራ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አባቴ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት፣ በግቢው ንብ የሚያነብ ቁጥብ ገበሬ ነበርና፣ ያንን ጥግ ለበርበሬ አስቦት ነበር። ታገሠ፣ ታገሠና አንድ ቀን፣

"እትዬ፣ ይኸ አይበላ፣ አይሸጥ፤ ልንቀለው እንዴ?" አላቸው።

"ጎመኑን ሆዴ ይብላ፤ ዓይኔስ ምን ይብላ?" አሉት። "ከእንስራህ አንዲት ጠብታ ውኃ አልነካም። ከደረቀ ያን ጊዜ ንቀለው።"

ቃላቸውን ጠበቁ፤ የእጃቸውን እጣቢ እንኳ የሚደፉት ለጎመኑ ነበር። የፈረስ ዘንጉ ግን ከእኔ ቁመት አልፎ ወጣ። ምንቃረ ረጃጅም፣ አብረቅራቂ ትንንሽ ወፎች ጠዋት ጠዋት ይንጠለጠሉበታል፤ እኛ ልጆችም ከወፎቹ ጋር እየተሻማን አበባውን ስንመጥ፣ እትዬ ወርቄ ከደጃፉ ሆነው "ኧረ ለነሱም ተዉላቸው!" ይሉን ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀጥ ያለበት ዓመት መጣ። ሌላ ጊዜ በክረምት ሐይቅ የሚመስለው ሜዳ ውኃ ሳይተኛበት ተሰነጣጠቀ፣ ሩዙ ሳያፈራ ገረጣ፣ ከብቱ አቀርቅሮ አፈር ያሸት ጀመር። እናቴና እኔ ከሩቅ ጉድጓድ የምንቀዳው ውኃ ከመጠጥ አላልፍ አለ፤ ጎመኑም ጌሾውም ጠወለገ። የጎረቤቶቻችን ንቦች እየኮበለሉ ቀፎዎቻቸው ባዶ ቀሩ። አባቴ በየማለዳው ጆሮውን ከቀፎው እየለጠፈ ያዳምጥና ፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል።

መስከረም ሲገባ የፈረስ ዘንጉ ፈነዳ። በዚያ በደረቀ ጓሮ መካከል እሳት የተለኮሰ ይመስል ነበር። አንድ ማለዳ አባቴን እዚያ ቆሞ አገኘሁት፤ ንቦቹ አበባውን ከላይ እስከ ታች ወርረውት፣ ድምፃቸው ግቢውን ሞልቶታል። ብዙ ቆየ። በኋላ ድንጋይ እየተሸከመ፣ የተራበ ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን ካበው። ሲመሻሽ እያመነታ ወደ እህቱ ጠጋ አለና፣

"እትዬ... ዘር አይተርፍዎትም?" አላቸው።

"ለአረሙ?" አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ በዚያ ዓመት ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ንቦቻችን አልሄዱም። የተገኘው ማር ጥቂት ነበር፤ አባቴ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ በሳህን አድርጎ፣ ከማናችንም በፊት ለእሳቸው በሁለት እጁ አቀረበ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ወንድሜ በዚያ ጓሮ የሚከራዩ ክፍሎች ሠርቶበት መሬቱ ሲሚንቶ ለብሷል፤ ልጆች አሉትና አልፈርድበትም። በየደጁ ዛሬም አበባ አለ፣ ያማረ፣ ከችግኝ ጣቢያ የመጣ፣ ማታ ማታ ውኃ የሚጠጣ። እኔን የናፈቀችኝ ባሏንም ቤቷንም አጥታ፣ ከወንድሟ ግቢ ማንም የማይፈልገውን ጥግ ብቻ ለምና፣ እዚያ ላይ ደስታዋን የዘራች ሴት ናት። አሁን በሰፈሩ እትዬ የምባለው እኔ ነኝ፤ እትዬ ብዬ የምጠራው ሰው ግን አልቀረልኝም።